ዝሆን ፍለጋ ከሐረር ማሌዥያ

ሐረር ተወልጄ ነው ያደግኩት። ዝሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ግን ባለፈው ቅዳሜ፣ ማሌዥያ ውስጥ ነው። ይሄን ስጽፍ ራሴን እየታዘብኩ ነው።

ለማታውቁት፣ ከሐረር ወደ ጅጅጋ ስትወጡ ባቢሌን ታገኛላችሁ። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ በዕድሜ እኔን በብዙ ይበልጠኛል። እኛ ቤት ግን ባቢሌ ሲባል ትዝ የሚለው ለውዝ ነው። በጆንያ ይመጣል፣ እናቴ ትቆላዋለች፣ እንበላዋለን፣ አለቀ። የዝሆኑን ነገር ያነሳ ሰው አላስታውስም።

ለሥልጠና ኩዋላ ላምፑር ሁለት ሳምንት ቆይቻለሁ። ያለችኝ አንድ የእረፍት ቀን ቅዳሜ ነበረች። አብራኝ የምትሠለጥነው ልጅ "ዋሻውንና ዝሆኖቹን በአንድ ቀን እንይ" አለችኝና መኪና ተከራየን። ሹፌራችን በዕድሜ የገፋ፣ ዘሩ ከደቡብ ሕንድ የሚመዘዝ የታሚል ሰው ነው። እዚያ አገር ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም፤ "አንክል" ነው የሚባለው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። እኔም በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንክል ማለት ለመድኩ።

ባቱ ዋሻ ከከተማው ወደ ሰሜን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመኪና ስትወርዱ መጀመሪያ የሚታያችሁ ወርቃማው የሙሩጋን፣ የሂንዱዎች አምላክ፣ ሐውልት ነው። ቁመቱ 42.7 ሜትር፤ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ጦር ይዟል። ጦር የያዘ ቅዱስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለምና ዓይኔ ቶሎ ለመደው። ከጎኑ 272 ደረጃ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በየቀለሙ የተቀባ። ፎቶ ላይ ያምራል። እግር ላይ ሌላ ነገር ነው።

በሩ ላይ አፈርኩ። በሙቀቱ ምክንያት ከጉልበት በላይ የሆነ ቁምጣ ለብሼ ነበር። አንዲት ሴትዮ ምንም ሳትናገር ጉልበቴን አየችና የሚከራዩ ጨርቆች ወዳሉበት በአገጯ ጠቆመችኝ። እኔ ነጠላ ሳልለብስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የማልደርስ ሰው! ሐምራዊ ሽርጥ አገለደምኩና መውጣት ጀመርኩ። አርባ ስንት ደረጃ ላይ ለማረፍ ብቀመጥ አንድ ጦጣ መጥቶ የያዝኩትን የለውዝ ከረጢት ከእጄ ላጥ አደረገው። አልሮጠም እንኳ። ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ተቀመጠና ፊት ለፊቴ ይፈለፍል ጀመር።

ላይ ስትደርሱ ዋሻው ከጠበቅኩት በላይ ሰፊ ነው። ከጣሪያው ውሃ ጠብ ይላል፣ ድንጋዩ የቀለጠ ሻማ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ጣሪያው ክፍት ነውና ብርሃን ከላይ ይወርዳል። ጫማ አውልቀን ቆምን። አጠገቤ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋለች። ፀጉሩ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል፣ ጭንቅላቱ ቢጫ ነገር ተቀብቷል። አሁን ገና የተቀባ መሆን አለበት፤ የእናቱ ትከሻ ላይ የጭንቅላቱ ቅርጽ በቢጫ ታትሟል።

ስንወርድ ስለ ሕፃኑ አንክልን ጠየቅኩት። "ስለት ነው" የሚል ሐሳብ ነገረኝ፤ በእንግሊዝኛ ብዙ ቃል ፈጅቶበት፣ እኔ በአንድ ቃል ገባኝ። እሱም ልጁ በታመመበት ዓመት ተስሎ፣ ታይፑሳም በሚባለው የሙሩጋን በዓል የወተት እንስራ በጭንቅላቱ ተሸክሞ 272ቱን ደረጃ በባዶ እግሩ ወጥቷል። በዓሉ እዚህ ዋሻ መከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። እኔም ስለ ቁልቢ ገብርኤል አወራሁት። ታኅሣሥ 19 በእግሩ ስለሚመጣው ሰው፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ጧፉ። "ደረጃው ስንት ነው?" አለኝ። ደረጃ የለውም፣ ዳገት ነው አልኩት። በዚህ ትንሽ የበለጥኩት መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ፓሃንግ ግዛት፣ ወደ ኩዋላ ጋንዳ የዝሆኖች ማዕከል። ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ልጅቷ ተኛች። እኔ በመስኮት የማየው ፓልም ነው። ያልፋል፣ ሌላ ይመጣል፣ ያውም ፓልም ነው። በረድፍ የተተከለ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ።

ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም ነው። መጀመሪያ ፊልም ያሳያሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጫካው ተመንጥሮ እርሻ ይሆናል። ዝሆኑ ግን የድሮ መንገዱን አይረሳም፤ ሲመለስ ለጋ የፓልም ችግኝ ያገኛል፣ ይበላል። ገበሬው ይቆጣል። ሠራተኞቹ ይመጣሉ፣ ዝሆኑን በማደንዘዣ መርፌ ይወጉታል፣ የሠለጠኑ ዝሆኖች ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ጭነት መኪና ያስጠጉታል። ከዚያ እንደ ታማን ነጋራ ወዳለ ትልቅ ጫካ ይወሰዳል። ማዕከሉ ከመቋቋሙም በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝሆኖች እንዲህ ተዛውረዋል።

ፊልሙ ላይ አንዱ፣ መኪናው ላይ ሲወጣ፣ የኋላ እግሩ መሬት መልቀቅ እምቢ አለው። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ፣ አትሳቁ፣ የሸማቾች ሱቅ ወረፋው ነው። ቢጫ ጀሪካን ይዘን ቆመን የምንገዛው፣ ጠዋት ብርድ ሲሆን የሚረጋው ዘይት። ሁላችንም እናማዋለን፣ ሁላችንም እንገዛዋለን። ፓልም ነው። ከየትኛው እርሻ እንደመጣ አላውቅም፣ ግን ስሙ እናታችን ጓዳ ውስጥ ተጽፎ ይኖራል።

ከዚያ ማብላት። አንዷ ዝሆን በአጥሩ በኩል ኩምቢዋን ዘረጋች። የኩምቢው ጫፍ እርጥብ ነው፣ ላዩ ላይ እንደ ጣት ያለ አንድ ሥጋ አለው። የአፍሪካዎቹ ሁለት ነው ያላቸው አለ ሠራተኛው። "እናንተ ጋ አሉ አይደል?" ሲለኝ "አዎ፣ ሰፈሬ ናቸው" አልኩት። ሽምጥጥ አድርጌ። ሸንኮራውን ከመዳፌ ከማንሳቷ በፊት ትንፋሿን እፍ አለችብኝ፤ ሙቅ ነው፣ ሣር ሣር ይላል። ጆሮዋ ጠርዙ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ አለው፣ ግንባሯ ላይ እንደ ሽቦ የቆመ ፀጉር። ይሄን ሁሉ ሳይ ሸንኮራው አልቆ ነበር። እሷ ወደ ቀጣዩ ሰው ሄደች።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ዝሆን አየሁ፣ በእጄ አበላሁ፣ እያልኩ ስለፈልፍ ዝም ብላ ሰማችኝ።

"እኔ እንኳ ዱካውን ነው ያየሁት" አለች።

"የት?"

"ባቢሌ ነዋ። ከአባትሽ ጋር ለውዝ ልንጭን ሄደን። ሰፌድ ያክላል። ዝናብ ጥሎ ውሃ ሞልቶበት ነበር።"

"እማዬ! ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ?"