መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ

ቡሬ ላይ ቤት እየሠራሁ ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው። «ብሎኬት ይሻልሽ ነበር» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ፤ ምክንያታቸውም ይገባኛል። የመምህር ደሞዝ ግን ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ብሩ የት ላይ እንደሚወጣ አስቀድሜ ወሰንኩ። መሠረቱና ጣሪያው ላይ አልቆጥብም፤ ግድግዳው ላይ እቆጥባለሁ። ጭቃን የሚገድለው ውኃ ነው፤ ከታች የሚወጣው እርጥበትና ከላይ የሚወርደው ዝናብ። ሁለቱን ከከለከሉለት ጭቃ ቤት ልጅ ያሳድጋል፣ የልጅ ልጅም ያያል።

የእኔ ቦታ አፈሩ ቀይ ነው፤ ጠንካራው መሬት ሩቅ አልሆነብንም። ቢቸና ያለችው እህቴ ግን የደረሳት ቦታ ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የቆመውንም ግድግዳ ይዞ ይሰነጠቃል። እሷ ዋልካውን አስወጥታ ገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት አፈር) መሙላትና በደንብ ማስጠቅጠቅ አለባት። ስለዚህ «እገሌ በዚህን ያህል ብር ጨረሰ» የሚለውን ወሬ ከመስማታችሁ በፊት ቦታችሁን አስቆፍራችሁ እዩ።

ለመሠረቱ ጥቁር ድንጋይ ተጠቀምኩ። ጎጃም ድንጋይ አያጣም። ኪስ የሚጎዳው የጭነቱ ዋጋ ነው፤ ድንጋይ የሚወጣበትን ቅርብ ያለ ካባ መፈለግ ያዋጣል። ግንቡ ከመሬት በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ወጣ። ቋሚዎቹም አፈር ውስጥ አልተቀበሩም፤ ድንጋዩ ላይ ነው የቆሙት። ምስጥ ግንብ መውጣት አያቅተውም፤ ሲወጣ ግን የአፈር መንገዱ በዓይን ይታያል፣ ጠርጎ ማጥፋት ይቻላል። የተቀበረ እንጨትን ግን ከሥር ሲበላው ማንም አያየውም።

እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው። አናጢያችን (አያ ነው የምለው) ገበያ አብሮኝ ወጥቶ አንዱን ግንድ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና «እታለም፣ ይኼ ገና እርጥብ ነው፤ ቤቱ ላይ ሆኖ ይጣመምብሻል» አለኝ። በበጋ የተቆረጠ፣ ልጡ የተላጠና ጥላ ሥር የደረቀ እንጨት መረጥን። ልጡ ካልተላጠ ነቀዝ ይደበቅበታል። የቋሚዎቹን ግርጌ የተቃጠለ ዘይት ቀባናቸው።

ጭዱን የገዛሁት ውቂያ ካለቀ በኋላ፣ ጥር ላይ ነው። ይህን ለሁሉም ሰው እመክራለሁ። ያን ጊዜ ገበሬው ጋ ጭድ ሞልቷል። ክረምት ሲቃረብ ግን ጭድ የከብት ቀለብ ነው፤ ዋጋው አይቀመስም፣ ከላም አፍ ነጥቆ ግድግዳ መለሰንም ልብ አይፈቅድም። የጤፍ ጭድ ቀጭን ስለሆነ ጭቃውን አጥብቆ ይይዛል። አፈርና ጭዱ በውኃ ተቦክቶ ቀናት ይከርማል፤ እየተገለበጠ ይረገጣል። መሽተት ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። ችኩል ሠራተኛ ዛሬ አቡክቶ ዛሬ ሊለጥፍ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ እሺ አትበሉ። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰንጠቁ ደግሞ አያስደንግጣችሁ። ጨርሶ ይድረቅ፤ ስንጥቁን ሁለተኛው ይሞላዋል።

ጭቃው ላይ ሲሚንቶ እንድለስን ብዙ ሰው ገፋፍቶኛል። እምቢ አልኩ። ሲሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም፤ እርጥበቱ ከውስጥ ይታፈንና ልስኑ እንደ ቅርፊት ይነሳል። እኔ ኖራ ነው የምቀባው። በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ግን ርካሽ ነው፣ ቤቱንም ብሩህ ያደርገዋል።

ቆርቆሮው የተመታው ግድግዳው ሳይለጠፍ ነው፤ ጭቃው ዝናብ ሳይነካው እንዲደርቅ። ቆርቆሮ ስትገዙ ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ከባለ 32 ይሳሳል፣ ባለ 28 ከሁለቱም ይወፍራል። የእኛን አገር በረዶ የምታውቁ ስስ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም። እኔ ባለ 28 ገዛሁ፤ ለዚያ ስል ሳሎኑን አሳነስኩት። ሚስማሩ ጎማ ያለው ይሁን፤ የሚመታውም ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ሳይሆን ከፍ ባለው ላይ ነው። ክፈፉ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ብዙ ሰው ክፈፉን አሳጥሮ ቆርቆሮ ያተርፋል፤ ግድግዳው ነው የሚከፍለው።

ሲሚንቶ የሚያስፈልገኝ ለግንቡና ለወለሉ ሊሾ ብቻ ነበር። ከረጢቱን ዳስሱት፤ የጓጎለ ከሆነ ተዉት። ቤት ስታስገቡት ጣውላ ላይ ይቀመጥ፣ ከግድግዳም ይራቅ። አሸዋውን በጠርሙስ እዩት። ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ላዩ ላይ ውኃ፣ በደንብ መነቅነቅ፣ ከዚያ አስቀምጦ መጠበቅ። ከአሸዋው በላይ ወፍራም የደለል ሽፋን ከተኛ አሸዋው አፈር በዝቶበታል፤ በዚያ የተሠራ ሊሾ ቶሎ ይፈረፈራል።

አሁን የቀረኝ በርና መስኮት ነው። የዋንዛ እንጨት ልቤ ይወደዋል፤ አያም እሱን ነው የሚለኝ። የብረት መስኮት ደግሞ ተሠርቶ ስለሚሸጥ ይፈጥናል። ከሁለት አንዱን ከፋሲካ በፊት መወሰን አለብኝ፤ ክረምቱ ሳይገባ መስኮቱ መዘጋት አለበት።