የጌርድ ሙለርን ሕይወት ለሬዲዮ እንዴት አዘጋጀሁት፣ ምንስ ተማርኩበት

የተጫዋች ታሪክ ለሬዲዮ ሲተረክ የተለመደ ቅርጽ አለው፤ ድህነት፣ ዝና፣ ውድቀት፣ ሞት። የጀርመናዊውን አጥቂ የጌርድ ሙለርንም በዚያው ቅርጽ ጀመርኩት። ዓመታቱን ቆጥሬ ወረቀት ላይ ሳሰፍር ግን ቅርጹ ፈረሰ። ሙለር በባየርን ሙኒክ የተጫወተው እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1979 ነው፤ 15 ዓመት ገደማ። ከአልኮል ሱስ ካገገመ በኋላ እዚያው ክለብ ውስጥ በአሠልጣኝነት የቆየው ከ1992 እስከ 2014፤ 22 ዓመት። ታሪኩን ውድቀቱ ላይ የሚዘጋ ተራኪ የሰውየውን ረጅሙን ምዕራፍ ቆርጦ ይጥለዋል። ትረካውን በሙሉ እንደገና የሠራሁት በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የቃል በጀት። ሳነብ በደቂቃ 100 ቃል ያህል ይወጣኛል። ከዝግጅቱ 45 ደቂቃ ላይ ሙዚቃና እረፍት ሲቀነስ 3,500 ቃል ይቀራል። 1,700 ቃል ለሜዳው፣ 1,400 ከሜዳ ከወጣ በኋላ ላለው፣ የቀረውን ለመግቢያ መደብኩ። ይህን አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው ሳያስበው ጎሎቹ ሰዓቱን ይጨርሱበታል።

ቀጥሎ ቁጥር። በቡንደስሊጋ፣ ማለትም በጀርመን ከፍተኛው ሊግ፣ 427 ጨዋታ፣ 365 ጎል፤ ይህ አያከራክርም። ለባየርን በጠቅላላው ስንት አገባ ሲባል ግን አንዱ ምንጭ ከሌላው ጥቂት ጎሎች ይለያል፤ ልዩነቱ የሚመጣው የትኛው ውድድር ተቆጠረ ከሚለው ነው። ሙለር ሲመጣ ባየርን ገና በቡንደስሊጋ አልነበረም። በ1964/65 የተጫወተው በደቡቡ ሬጊዮናልሊጋ፣ በሁለተኛው እርከን ነው፤ እዚያ ያገባቸው 33 ጎሎች በ365ቱ ውስጥ የሉም። መፍትሔዬ አንድ ሠንጠረዥ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ውድድር የራሱ ዓምድ። የትኞቹን ዓምዶች እንደደመርኩ ሳልናገር ድምር አልጠራም። የ1972ቱን 85 ጎል እንውሰድ፤ 42 በቡንደስሊጋ፣ 7 በጀርመን ዋንጫ፣ 12 በሊግ ካፕ፣ 11 በአውሮፓ የክለቦች ውድድሮች፣ 13 ለምዕራብ ጀርመን። ሊግ ካፑን የረሳ ሰው 73 ላይ ይቆምና ሌሎቹ ዋሹ ይላል። ሊዮኔል ሜሲ በ2012 በ91 ጎል ያለፈው ይህንን 85 ነው።

ለእኛ አድማጭ ከዚህ የባሰው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። 85ቱ ጎሎች የገቡት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው፤ በእኛ ከታኅሣሥ 1964 እስከ ታኅሣሥ 1965 ዓ.ም.። «በ1964 ዓ.ም. 85 ጎል አገባ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስለዚህ ስህተት ነው፤ ክብረ ወሰኑ ሁለት ዓመታችንን ይረግጣል። ክብረ ወሰንና የውድድር ዘመን ሁልጊዜ በእ.ኤ.አ. ትቼ፣ ቀን ያላቸውን ክስተቶች ብቻ ቀየርኩ። ልደቱ በኔርድሊንገን ጥቅምት 24 ቀን 1938፣ ሞቱ ነሐሴ 9 ቀን 2013 ዓ.ም.። ሙለር ጎል ያገባበት የ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሰኔ 30 ቀን 1966 ዓ.ም. ይሆናል፤ ደርግ በተቋቋመ በ9ኛው ቀን። በዕድሜ ገፋ ያሉ አድማጮች ዘመኑን ወዲያው የሚይዙት በዚህ ነው።

የዚያን ፍጻሜ ጎል ለመጻፍ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ፈጀብኝ። የሬዲዮ አድማጭ አያይም። «ድንቅ ጎል» ብትለው በአእምሮው የሚመጣው ከሩቅ የተተኮሰ ኳስ ነው፣ የሙለር ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ናት። ምስሉን በዝግታ እያቆምኩ እንቅስቃሴውን ለየብቻ ጻፍኩት። 43ኛው ደቂቃ፣ ሙኒክ፣ 1 ለ 1። ኒስከንስ ለሆላንድ በ2ኛው ደቂቃ፣ ብራይትነር ለጀርመን በ25ኛው፣ ሁለቱም በፍጹም ቅጣት ምት። ራይነር ቦንሆፍ በቀኝ መስመር አሪ ሃንን አልፎ ወደ ሳጥኑ ያሻማል። ሙለር ኳሷን ሊያቆም ሲነካት ትሸሸውና ወደ ኋላው ትቀራለች። አብዛኛው አጥቂ እዚህ ላይ ዕድሉ አለቀ ይላል። እሱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ሩድ ክሮል ሊከልል ሲደርስ በቀኝ እግሩ ዞሮ በመሬት ይመታታል። አጠንክሮ አልነበረም። በረኛው ያን ዮንግብሉድ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም፤ ኳሷ ጥጉን ይዛ ገባች። በጽሑፉ ላይ ያተኮርኩት በንክኪውና በምቱ መካከል ባለችው እርምጃ ነው፤ የሙለር ችሎታ ያለው እዚያች ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚሁ ምክንያት «ቦምበር» የሚለውን ቅጽል ስሙን በአማርኛ «ቦምብ ጣይ» ብዬ አልተረጎምኩትም። አድማጩን ወደ ሩቅ ምት ይወስደዋል። በባየርን የመጀመሪያ አሠልጣኙ ቻይኮቭስኪ ያወጡለት «ትንሹ ወፍራም ሙለር» ይሻላል፤ 1.76 ሜትር ቁመት፣ ወፋፍራም ጭን፣ ወደ መሬት የቀረበ አቋም። በጠባብ ቦታ ሳይወድቅ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ከፍጻሜው በኋላ በ28 ዓመቱ ብሔራዊ ቡድኑን ተወ፤ 62 ጨዋታ፣ 68 ጎል። ሚሮስላቭ ክሎዘ ይህን ቁጥር እስኪያልፍ እ.ኤ.አ. 2014 ደረሰ።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ዋናው ችግር የቃላት ምርጫ ነው። ሙለር በ1979 ወደ አሜሪካ ሄዶ ለፎርት ላውደርዴል ስትራይከርስ ተጫወተ፣ እዚያው የስጋ ምግብ ቤት ከፈተ፣ መጠጥም ያዘው። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ «ሰካራም ሆነ» የሚል ነበር። ሰረዝኩትና «የአልኮል ሱስ ያዘው» አልኩ፤ የፊተኛው ፍርድ ነው፣ የኋለኛው ሕመም። በ1991 የቀድሞ የቡድን ጓደኛው ኡሊ ሆኔስና ሌሎች ወደ ሕክምና እንዲገባ አድርገው ከዚያም ክለቡ ሥራ ሰጠው። አልዛይመር ላይም እንዲሁ፤ «ጃጀ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ስድብ ያዘለ ነው። «የመርሳት ሕመም» በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ክለቡ በይፋ ካሳወቀው ያለፈ ነገር አልጨመርኩም፤ የታማሚ ክፍል ውስጥ ገብቶ የሌለ ትዕይንት መሳል ይቅር የማይባል ስህተት ነው።

መግቢያውን ከልደቱ አልጀመርኩም። በሜይ 2021 የያኔው የባየርን አጥቂ ሮበርት ሌቫንዶቭስኪ ሙለር በ1971/72 በቡንደስሊጋ ያስመዘገበውን የ40 ጎል ክብረ ወሰን ሲስተካከል ከማሊያው ሥር የሙለር ምስል ያለበት ቲሸርት አሳየ፤ ሜይ 22 ላይ ደግሞ በመጨረሻው ጨዋታ መጨረሻ ደቂቃ 41ኛውን አገባ። ሙለር ያረፈው ከዚያ በ85ኛው ቀን ነው። ወጣቱ አድማጭ ሌቫንዶቭስኪን ስለሚያውቅ በሱ በኩል ሽማግሌው ጋ ይደርሳል።

አንድ ነገር ሳላስብበት አልፎኝ በቀረጻ መሃል አቁሜ አርሜአለሁ፤ «ሙለር» ብቻ እያልኩ ነበር የማነበው። በጀርመን ይህ ስም እንደ እኛ «ከበደ» የበዛ ነው። በ1978 የቡንደስሊጋውን ኮከብ ግብ አግቢነት በ24 ጎል የተካፈሉት ሁለት ሙለሮች ናቸው፣ ጌርድና ዲተር። ቶማስ ሙለርን ደግሞ ብዙ ሰው የጌርድ ልጅ ነው ብሎ ያስባል። ዝምድና የላቸውም። የተገናኙት በባየርን ሁለተኛ ቡድን ነው፤ ዋናው አሠልጣኝ ኸርማን ጌርላንድ፣ ምክትሉ ጌርድ፣ ቶማስ ደግሞ ገና ዋናው ቡድን ያልገባ ወጣት አጥቂ።