«ማን ወጠረው?»

ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ለማሳጅ የሚመጣ የለም። ምክንያቱን የድሬ ሰው ያውቀዋል። ሳይክለኞቹ ግን ጠዋት፣ ከደንገጎ ዳገት ሲወርዱ ከዚራ ሰፈር እኔ ጋ ጎራ ይላሉ።

አንዱ ልጅ ቀኝ ጉልበቱን በውጭ በኩል ያመዋል። ዳገቱ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ደህና ነው፤ ከዚያ እንደ መርፌ ይወጋዋል። ገና ሳይተኛ አወቅኩት። ከዳሌ ተነስቶ በታፋ ጎን ከጉልበት በታች ድረስ የሚወርደው ሰፊ ጅማት ነው። ሦስት ሳምንት በክርኔ ሄድኩበት። ፎጣውን ነክሶ «አቦ ገደልከኝ!» ይላል፤ እኔ ደስ ይለኛል። ደንበኛ ካልጮኸ የሠራሁ አይመስለኝም። ሁለት ቀን ይሻለውና ተመልሶ ይመጣል። «ሥር ሰዷል» አልኩት።

አንድ ጠዋት ጎማው ተነፈሰና ማዶ ያለው ሳይክል ጠጋኝ ጋ ቆመ። ሰውየው ለጥፎለት ሲያበቃ እየገፋ ይዞት መጣ።

«ምኑን ነው የምታሸው?»

«የታፋውን ጅማት። ተወጥሮ ነው።»

«ማን ወጠረው?»

መልስ አጣሁ። ሰውየው በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ግን ድሬ አንቱታ ስለማታውቅ «አንተ ደግሞ!» ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ልጁን ሳይክሉ ላይ አስቀመጠው፣ ዛፉን አስያዘው፣ «ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግና ወደኋላ አዙር» አለው። የልጁ ዳሌ እንደ ግመል ግራ ቀኝ ማለት ጀመረ። እግሩ ታች አይደርስም። ለካ ሳይክሉ የታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ኮርቻውም በወንድምየው ቁመት እንደተሰቀለ ቀርቷል። እኔ አንድም ቀን የማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም።

ሁለት ጣት አወረደለት። ሥራው ይኼው ነው።

«አንተ ሰውየውን ታሻለህ፤ ሳይክሉን ማን ይሽለት?» ብሎኝ ሄደ።

ማታ ሒሳቡን ሠራሁት። በደቂቃ 80 ዙር ቢመታ በሰዓት 4,800 ነው። ፔዳሉን ለመድረስ በተንጠራራ ቁጥር ጅማቱ የጉልበቱን ጎን አጥንት ይጫነዋል። ያ ጅማት ደግሞ በክርን የሚረዝም ዓይነት አይደለም። ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ።

ወሬው ሻይ ቤቱን ሞላው። ሁለት ጣቷ አሁን ስንዝር ደርሳለች። ያን ዕለት የለጠፈው ጎማ ማታውኑ እንደተነፈሰ ግን ማንም አያወራም።

ልጁ ከወር በኋላ ጉልበቱን ረሳው። እኔ ጋ መምጣቱን ግን አልተወም። ባለፈው ቅዳሜ ጅማቱን ዳሰስኩት፤ ዛሬም እንደ ክራር የተወጠረ ነው።

«በርታበት አቦ፣ እሱ ነው የሚያድነኝ» አለና ፎጣውን ነከሰ።

ክርኔን አሳረፍኩበት።