ቀጭ ብላ ዝም የምትል መኪና

እማዬን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የማመላልሳት እኔ ነኝ። የእጥበት ቀጠሮ «ነገ እንመጣለን» አይባልበትም። ስለዚህ መኪናዬ አንዳንዴ አልነሳ ማለት ስትጀምር ጭንቀቴ የመኪና ብቻ አልነበረም። እማዬ ታጥባ ወጥታለች፣ ደክሟታል፣ ኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብላለች። ቁልፉን አዞራለሁ። ከኮፋኖው ስር አንዲት «ቀጭ» ትሰማለች። ከዚያ ጸጥ። «ምን ሆነች ልጄ?» ትለኛለች። የምመልሰው አጣለሁ።

ጨርሳ ብትቆም ይሻለኝ ነበር። የቆመ ነገር ይፈተሻል፣ ይገኛል። ይሄኛው ግን መጥቶ የሚሄድ ብልሽት ነው። ሳምንት ሙሉ ቁልፍ እንደነካሁ ትነሳለች። ከዚያ አንድ ቀን ቀጭ። አራት አምስት ጊዜ ስሞክር ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ጋራዥ ደርሼ «እስቲ አስነሳት» ስባልማ ወዲያው ነው። ደህና የሆነን ነገር መካኒክ እንዴት አድርጎ ይጠግን?

መጀመሪያ ባትሪ ቀየርን። ሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ፣ ከዚያ ተመለሰ። ቀጥሎ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ወረደ፣ ተፈታ፣ ካርቦኑ ተቀየረ፣ ተመልሶ ታሰረ። 16 ቀን ሰላም ሆነ፣ ከዚያ ተመለሰ። ሁለቱንም ጊዜ «ተገኘ!» ብለን ነበር። በየተራ ለጥቂት ቀን መዳኗ ራሱ ትልቅ ፍንጭ እንደነበር የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዕቃ መቀየሩን ትቼ መጻፍ ጀመርኩ። ትንሽ ደብተር መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩ። አልነሳ ባለች ቁጥር ሰዓቱን፣ ሞተሩ ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ፣ ከቆመች ስንት ደቂቃ እንደሆናት፣ ምን ድምፅ እንደሰማሁ፣ መብራቱ ደብዘዝ ማለት አለማለቱን፣ በስንተኛው ሙከራ እንደተነሳች እጽፋለሁ። ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኩ። ከዘጠኙ ሰባቱ ሞተሩ ሙቅ ሳለ፣ ከቆመች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላት የሆኑ ናቸው። ድምፁ ሁሌም አንዲት ቀጭ ነው። መብራቱ አንድም ቀን አልደበዘዘም።

ይህን ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይዤ ስቀመጥ ነው ነገሩ መልክ የያዘልኝ። ድምፁ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭቀጭቀጭ» እያለ በፍጥነት ከተደጋገመና መብራቱ አብሮ ከደከመ፣ ብዙ ጊዜ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ባትሪው ላይ የሚታሰረው ሞርሴቶ ላልቷል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ቁልፉ፣ ወደ ሪሌው (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ ወደ ፊውዙ፣ ወይም ፍሪሲዮን ካልተረገጠ (አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ) አላስነሳ ወደሚለው ስዊች ይሄዳል። አውቶማቲክ መኪና ፒ ላይ እምቢ ብላ ኤን ላይ ከተነሳች ያ ስዊች ቀድሞ ይታይ። አንዲት ጠንካራ ቀጭ ብቻ ከሆነች፣ መብራቱም እንደበራ ከቆየ፣ ነገሩ ወደ ሞተሪኖውና ወደ ወፍራሞቹ ገመዶች ይጠባል።

ምክንያቱም ሞተሪኖው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ቀጭን ነው፤ ከቁልፉ ተነስቶ በሪሌው አድርጎ ሞተሪኖው ላይ ያለውን ሶሌኖይድ፣ ማለትም በማግኔት የሚሠራውን ትልቅ ማብሪያ፣ ይቀሰቅሳል። ቀጭ የሚለው ይሄው ሶሌኖይድ ነው። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ ከባትሪው በቀጥታ ለሞተሪኖው ትልቁን ኃይል ያደርሳል። ትንሽ መኪና እንኳ ሲነሳ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። የእኔ ቀጭ ካለች ቀጭኑ መንገድ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ቁልፉን፣ ሪሌውን፣ የፍሪሲዮኑን ስዊች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከዝርዝሬ ሰረዝኳቸው። እንዴት እንዳቀለለኝ!

ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አወጣሁ። ባትሪው አርፎ 12.6 ቮልት፣ ይህ ሙሉ ነው። ደህና ስትነሳ ወደ 10.8 ይወርዳል፣ ይህም ጤናማ ነው። ሲነሳ ከ9.6 በታች ቢወርድ ባትሪውን እጠረጥር ነበር። ሞተሩ እየሠራ 14.2፣ ዲናሞውም ይሞላል። ሁሉም ደህና።

ከዚያ ተሳሳትኩ። ይህቺ ስህተት ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋባት ስለሆነች ልቆይባት። ወፍራሞቹን ገመዶች አንድ በአንድ በኦም ለካሁ፤ ኦም ኤሌክትሪክን የሚያግድ እንቅፋት መለኪያ ነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የሚሄደውን፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉትን ገመድ ስለካው 0.2 ኦም አለኝ። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ሳነካካቸውም 0.2 ነው። ስለዚህ «ገመዱ ንጹህ ነው» ብዬ አለፍኩት። ግን ቴስተር ኦም ሲለካ የሚልከው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው። ከገመዱ ክሮች አንዲት ብቻ ብትተርፍ እንኳ ያቺ ትንሽ ኃይል ምንም ሳትቸገር ታልፋለች። 0.05 ኦም የምታህል እንቅፋት ቴስተሩ አይለይም። በዚያች እንቅፋት ላይ 150 አምፔር ሊያልፍ ሲል ግን 7.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ሞተሪኖው በቀረችው አይዞርም። ወፍራም ገመድ መለካት ያለበት ሥራ ላይ ሳለ ነው፣ በቮልት።

ያንን ከተረዳሁ በኋላ ወጥመድ አዘጋጀሁ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሞርሴቶው ላይ ሳይሆን ራሱ ምሰሶው ላይ አሰርኩ። ቀዩን ቀለም የሌለበት የሞተር ብረት ላይ። እንዲህ ሲሆን ቴስተሩ የሚያሳየው በሁለቱ መካከል የሚጠፋውን ቮልት ነው። ሁለቱንም በረጅም ሽቦ ቀጥዬ፣ ከሚዞርና ከሚግል ነገር አርቄ፣ በመስኮት ወደ ውስጥ አስገባሁና ቴስተሩን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ቴስተር ቮልት ሲለካ የሚስበው ኃይል ከምንም ስለማይቆጠር የሽቦው መርዘም ልኬቱን አያበላሸውም። ደህና ስትነሳ እዚህ ቦታ ከ0.2 ቮልት በላይ መታየት የለበትም። አራት ቀን እንዲሁ ይዤው ዞርኩ። እያየሁት 0.15፣ 0.18፣ 0.15 ይላል።

በአምስተኛው ቀን ታናሽ እህቴ አብራኝ ነበረች። ሱቅ ደርሰን ስንመለስ፣ ሞተሩ ሙቅ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ። ቴስተሩ 8.4 አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ሁሉ ወር አልነሳ ማለቷ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ ትልቁ አደጋ ነካክቶ መፈወስ ነው። ሞርሴቶውን ወዝወዝ፣ ገመዱን ሳብ ካደረጉት ብልሽቱ ይጠፋል፤ ለሌላ ሳምንት ደህና ሰንብት። ስለዚህ ምንም ሳላንቀሳቅስ እህቴን ቁልፍ ላይ አስቀመጥኳት። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ። «ያዢ» ስላት ሁለት ሴኮንድ ትይዛለች፣ «ልቀቂ» ስላት ትለቃለች። ጥቁሩን ጫፍ ባለበት ትቼ ቀዩን በየቦታው አስነካሁ። ሞርሴቶው ላይ 0.02 ብቻ፣ ስለዚህ እዚህ ደህና ነው። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ፣ ካምቢዮው ላይ በቡሎን የታሰረው የመዳብ ቀለበት ላይ ግን 8.3። ኃይሉ የሚጠፋው በሞርሴቶውና በቀለበቱ መካከል ነው። እዚያ መካከል ያለው ገመዱ ብቻ ነው።

ለማረጋገጥ ባትሪ የምናበድርበትን ገመድ አውጥቼ ከባትሪው ኔጋቲቭ በቀጥታ የሞተሩ ብረት ላይ አሰርኩ። እህቴ ቁልፉን አዞረች። ተነሳች! በዚያው ገመድ ቤት ድረስ ልሄድ አሰብኩና ተውኩት፤ ንቅናቄው ይፈታዋል።

ቤት ስንደርስ የማሳውን ገመድ ፈትቼ ቀለበቱ አጠገብ ያለውን ፕላስቲክ ሰነጠቅኩት። ከውጭ አዲስ ይመስላል። ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ አብዛኛው ክር ተበጥሷል፣ የቀረውም ሳስቶ እንደ ነገሩ ተነካክቷል። ሞተሩ ሲሞቅ ያ ጫፍ አብሮ ይሞቃል፣ ብረቱ ይለጠጣል፣ የተነካካው ይላቀቃል። መብራቱ ያልደበዘዘው ደግሞ ቦዲው ከባትሪው ጋር የሚገናኝበት ሌላ ቀጭን ገመድ ስላለውና እሱ ጤነኛ ስለነበረ ነው።

ያ የጥቂት ቀን ፈውስም ተፈታልኝ። ባትሪ ሲቀየር ይህ ገመድ ይፈታል፣ ይታጠፋል፣ ይታሰራል። ሞተሪኖ ሲወርድ ደግሞ ቀለበቱ የሞተሪኖውን ቡሎን ስለሚጋራ እሱም አብሮ ይፈታል። በሁለቱም ጊዜ የዳነችው በተቀየረው ዕቃ አልነበረም። ክሮቹ ተነቅንቀው ለጊዜው ስለተጋጠሙ ነው። ባትሪውንም ሞተሪኖውንም የነኩት ሰዎች ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል። ጥፋተኛው ገመድ አጠገባቸው ደህና መስሎ ተቀምጦ ነበር እንጂ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ማሳ ገመድ ሲበላሽ ያ ሁሉ ኃይል ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የማርሽ ወይም የነዳጅ መርገጫ የብረት ገመድ ሞተሩን ከቦዲው ጋር ስለሚያገናኝ በእሱ ሊሄድ ይሞክርና ያግለዋል። ስታስነሱ ከእነዚህ አንዱ ትኩስ ከሆነባችሁ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ፣ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ማሳውን ለኩ።

አዲስ ገመድ አሰርኩ፣ ወፈር ያለ። ካምቢዮው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ከዚያ ለካሁ፦ 0.09። በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው 0.28፤ እስከ 0.5 ድረስ ችግር የለበትም። ይህ ከሆነ አራተኛ ወሩ ነው። በየወሩ አንዴ፣ ሞተሩ ሙቅ ሳለ፣ እለካዋለሁ። ባለፈው ሳምንት እማዬ ከእጥበት ወጥታ ኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብላ ሳለ ነበር የለካሁት። «ስንት አለ?» አለችኝ። «ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች፣ ሄድን።