ያለ ያዥ የሚቆም ሰጋር

ሰጋር ፈረስ የሚገዛ ሰው ለወገቡ የሚያስብ ሰው ነው። ሶምሶማ የሚረግጥ ፈረስ ጋላቢውን ከኮርቻው ያነጥረዋል፤ ሰጋር ግን አራት እግሩን ተራ በተራ ስለሚያሳርፍ ጀርባው ብዙም አይናወጥም፣ እላዩ ሆኖ እንደ ልብ ወሬ ማውራት ይቻላል። ችግሩ እላዩ እስኪወጣ ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ጉልበቱ ቋ ቋ የሚል ሰው እርካብ ረግጦ እግሩን እስኪያሻግር ጊዜ ይፈልጋል። ያንን ጊዜ የማይሰጥ ሰጋር ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ይረባዋል?

ሱሉልታ ውስጥ የያዝኩት ፈረስ፣ በቡናማ መልኩ ዳማ የምለው፣ እንዲህ ያለ ነበር። መንገድ ላይ የሚያስቀና፣ አጠገቡ ስቆም ግን የሚሽከረከር። እጄ ጋማውን እንደነካ ዳሌውን ወደ ውጭ ይወረውራል፤ እግሬ እርካብ እንደገባ መንገድ ይጀምራል። ሰፈሩ ግን ይህን እንደ ነውር አላየውም። «ወኔ ነው!» ይሉኛል። እኛ ዘንድ የሚጠረጠረው ቆሞ የሚጠብቅ ፈረስ ነው፤ ታሟል ወይም አርጅቷል ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የፈረስ ወኔ ሜዳ ላይ ይታያል። ሰው ሲወጣበት የሚጨፍር ፈረስ ወይ አሞታል፣ ወይ ሚዛኑን አጥቷል፣ ወይ እኛው ራሳችን እንዲጨፍር አስለምደነዋል። ከሦስቱ ሕመሙን አስቀድሜ ነው የመረመርኩት፤ ተራው ከተዛባ ያመመውን ፈረስ ሊቀጡ አለንጋ ማንሳት ይመጣል።

መስገር በከፊል በዘር የሚወረስ ነገር ነው። በፈረንጆች 2012 በስዊድን ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን ዲኤምአርቲ3 በሚባል ዘረመል ላይ ያለ አንድ ለውጥ እንደ አይስላንድ ፈረስና እንደ ፓሶ ፊኖ ባሉ ሰጋር ዝርያዎች ላይ በብዛት እንደሚገኝ አሳይቷል። ቆሞ መጠበቅ ግን በዘር አይመጣም፤ ሰው ያስተምረዋል፣ ሰው ያስረሳዋል።

ከጀርባው ጀመርኩ። ኮርቻውን አውርጄ ከትከሻው ጉብታ አንስቶ በአከርካሪው ግራና ቀኝ በጣቶቼ ጫፍ ጫን ጫን እያደረግሁ ወደ ወገቡ ወረድኩ። ገና ከጉብታው በስተቀኝ ሳለሁ ቆዳው ተርገፈገፈ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ተኛ። ጠጉሩን ገለጥ ሳደርግ ቁስል የለም፤ ግን በቡናማው መሃል ነጫጭ ጠጉር ጣል ጣል ብሏል። ድሮ ተገጥቦ የዳነ ቦታ ነው። የአገራችን ኮርቻ አጥንቱ እንጨት ነው፤ ቆዳው ቢያምርም ከሥር ያለው እንጨት አይተጣጠፍም። ሰው ከግራ በኩል እርካብ ረግጦ ሙሉ ክብደቱን ሲያንጠለጥል ኮርቻው ወደ ግራ ይጎተታል፣ የቀኙ እንጨት ደግሞ ጉብታው ላይ ይነክሳል። ዳማ የሚሸሸው እኔን ሳይሆን ያንን ንክሻ ነበር።

ኮርቻ ሳልጭንበት አሳረፍኩት። ሲመለስም ከሥሩ ወፍራም ሱፍ አጥፌ አደረግሁለት፣ አከርካሪው ላይ ግን ክፍተት ትቼ። የሆዱን ጠፍር በአንድ ትንፋሽ አላጠብቅም፦ መጀመሪያ ሆዱን እንዲነካ ያህል፣ ጥቂት ካራመድኩት በኋላ ጨመር፣ የመጨረሻውን ልወጣ ስል። ከዚያ የልጓሙ ተራ ደረሰ። በአገጭ ዙሪያ ቀለበት ያለው የድሮ ልጓም ኃይለኛ ነው፤ ዛቡ፣ ማለትም ጋላቢው የሚይዘው ጠፍር፣ ትንሽ ሲሳብ ቀለበቱ አገጩን ይጨምቃል። ሲፈናጠጥ ሚዛኑን ለመጠበቅ ዛቡን ጨብጦ የማይስብ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ፈረሱ ከሕመሙ ለመሸሽ ወደ ኋላ ሲል «አመጸ» ይባላል። መሃሉ ላይ በሚታጠፍ ቀላል ልጓም ቀየርኩለት። የፈረስ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከድድ እየወጣ ስለሚፋጭ ጠርዙ ይሾልና ጉንጭ ይቆርጣል፤ ሐኪም አስመጥቼ አስሞረድኩለት። ሻጩ ከነጌጡና ከነቃጭሉ ነበር ያስረከበኝ፤ በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ የሚባለው ነገር ስለሆነ እሱንም አወለቅሁ።

ወደ ሚዛኑ እመለስበታለሁ፤ ከሕመሙ ቀጥሎ ዋናው ልማድ ነው፤ የልማዱ ሥር ደግሞ ያዡ ነው። እኛ አገር ሰው ፈረስ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ልጓሙን መያዙ ደንብ ሆኗል። ከላይ የወረደ ይመስለኛል። ቤተ መንግሥቱ የፈረሶቹ ኃላፊ የሆነ ባልደራስ ነበረው፤ «አባ ዳኘው»፣ «አባ ነፍሶ» እየተባሉ በፈረስ ስማቸው የሚጠሩት ታላላቆች በሎሌ ተከበው ነበር የሚንቀሳቀሱት። ሎሌው ቀረ፣ ልማዱ ለእኛ ተረፈ። ያዡ የፈረሱን አፍ አንቆ ሲይዝ ፈረሱ የሚማረው መቆምን ሳይሆን መታገልን ነው። በለቀቀው ቅጽበት ደግሞ ይፈተለካል፤ እጅ ከልጓሙ ሲነሳ «ሂድ» እንደተባለ አድርጎ ለምዶታል።

ዳማን ለሚንከባከበው ልጅ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይያዘውም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይጥልዎታል!»

«እስኪቆም ድረስ አልወጣበትማ።»

መጀመሪያ ላይ ኮርቻም አልነበረም፤ አፍሳር ብቻ፣ ገመዱም ላላ ያለ። አስቆመዋለሁና አንድ እርምጃ እርቃለሁ። ከተነቃነቀ ሳልቆጣ ወደነበረበት እመልሰዋለሁ፤ ከቆመ ገመዱን አላልቼ ዝም። ፈረስ የሚማረው ጫናው ሲመጣበት ሳይሆን ሲነሳለት ነው። ገመዱ ዘግይቶ ከላላ የሚማረው ሌላ ነገር ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ይልቅ የራሴን እጅ ነበር የምጠብቀው። ገብስ ከእጅ ማብላት አልወድም፤ ኪስ መፈተሽ ይለምዳል፣ ቀጥሎ መንከስ ይመጣል። በምትኩ የትከሻውን ጉብታ አክለታለሁ። ፈረሶች እርስ በርሳቸው የሚተካከኩበት ቦታ ነው፤ እዚያ ሲታከኩ የልብ ምታቸው እንደሚቀንስም ተለክቶ ታይቷል።

ቀጥሎ መወጣጫው። በሩ አጠገብ ከግንብ ሥራ የተረፈ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ጠርብ ድንጋይ ነበር። ከፍ ካለ ነገር ላይ ሲወጣ በአንድ ጎን የሚንጠለጠለው ክብደት ስለሚቀንስ ጀርባውን ያሳርፈዋል፤ ለእኔም ጉልበት ጽድቅ ነው። የቢራ ሳጥን ገልብጠው የሚወጡ አሉ፤ ይንሸራተታል፣ ይንቋቋል፣ አይመከርም።

ትልቁ ሥራ የተሠራው እዚህ ድንጋይ ላይ ነው። ዳማ ጎኑን ሰጥቶኝ ይቆማል፣ እኔ ክንዴን ጀርባው ላይ አሳርፋለሁ። አንገቱ ሽቅብ ከተሰቀለ፣ የአፍንጫው ዳር ከተጨማደደ፣ የታችኛው ከንፈሩ ከተወጠረ እዚያው እቆያለሁ፤ አልገፋም፣ አልሸሽም። የሆነ ሰዓት ላይ አንገቱ ዝቅ ይላል። አንድ ጆሮው ወደ እኔ ይዞራል፣ ባዶ አፉን ያላምጣል፣ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ይለቃል። ያኔ ክንዴን አንስቼ እወርዳለሁ። ቀጥሎ ኮርቻውን በመዳፌ መታ መታ ማድረግ፤ ቀጥሎ እርካቡን ማንቀጭቀጭ፤ ቀጥሎ በሆዴ ኮርቻው ላይ ጋደም ብሎ መመለስ፤ ቀጥሎ እግሬን በወገቡ ላይ አሻግሮ መመለስ። አንዱ ሳይሰለቸው ወደ ሌላው አላልፍም። እግር ሲሻገር የሚደነብረው በከንቱ አይደለም። የፈረስ ዓይኖች በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ሁሉ ያያል ማለት ይቻላል፤ በቀጥታ ከኋላው ያለው ግን ይሰወረዋል። በግራ ዓይኑ ሲያየው የነበረው ሰው ድንገት ይጠፋና በቀኝ በኩል ከሰማይ እግር ሆኖ ብቅ ይላል።

ስለ ሚዛኑ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመውጣቴ በፊት የኮርቻውን ግንባር ይዤ ቀስ ብዬ ወዲህና ወዲያ አወዛውዘዋለሁ፤ ፈረሱ አራቱን እግሩን አስፍቶ ይተክላል። አንድ እግሩን አሳርፎ የቆመ ፈረስ ክብደት ሲመጣበት ከመርገጥ በቀር ምን ምርጫ አለው?

ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሸው ግን ከወጣ በኋላ ነው፤ በሰጋር ደግሞ ይብሳል። ኮርቻው ላይ አረፍ እንዳለ ምላሱን ያንቋቃል፣ ተረከዙን ጎኑ ላይ ያሳርፋል፣ ሰጋሩም ይነጉዳል። ፈረስ ብልህ ነው፤ በሌላ ቀን ትእዛዙን አይጠብቅም፣ ክብደት እንደተሰማው ይሄዳል። ስለዚህ ወጥቼ ሥራ እፈታለሁ። ጋቢዬን አስተካክላለሁ፣ ልጁን ስለ ድርቆሽ ዋጋ እጠይቀዋለሁ፣ ዳማን አከክ አድርጌ እወርዳለሁ። ከብዙዎቹ መውጣቶች በኋላ መሄድ የሚባል ነገር አልነበረም። ጉዞ ሲጀመርም በእርምጃ ነው፤ እስከ አስፋልቱ መስገር የለም።

ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት አጥር ተደግፈው ይህን ሁሉ ያያሉ። በወጣትነታቸው ጉግስ ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው።

«ይሄ ፈረስ ነው ወይስ አግዳሚ ወንበር?»

«ይቁምልኝ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ በግራ ብቻ ነው የምታስተምረው? የድሮ ሰው እኮ በቀኝ ነበር የሚወጣ። ጎራዴው በቀኝ ነዋ የሚታጠቀው!»

ፌዙን ትቼ ምክሩን ያዝኩ። በቀኝ በኩል ሁሉንም ከሀ ጀመርን፤ ፈረስ በአንድ ጎኑ የለመደውን ነገር በሌላው ጎኑ ሲያገኘው እንግዳ ይሆንበታል። አሁን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ስለምወጣ የጉብታው ጫና ተከፋፍሏል። ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ወርጄ ስመለስ ደግሞ መሬቱ ከፍ ባለበት በኩል እወጣለሁ።

ግቢ ውስጥ የሚቆም ፈረስ ውጭ ይቆማል ማለት አይደለም። ሱሉልታ የጎጃም መንገድ ላይ ናት፤ ሲኖትራክ ጥሩምባውን እያስጮኸ ያልፋል። ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አትሌቶች ለልምምድ ይመርጧታል፤ ማለዳ በቡድን ሆነው ከኋላ ዱብ ዱብ እያሉ ይመጣሉ። ድርቆሽ ከታጨደ በኋላ ደግሞ እስከ ሰማይ የተቆለለበት አይሱዙ ሲያልፍ ምራቁን የማይውጥ ፈረስ የለም። በየቦታው ትምህርቱን ከአፍሳሩ ጀምሬ አጠር አድርጌ ደገምኩት። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ግን አላስተምርም፤ የሚያንሸራትተው ፈረስ እግሩን ቢያነሳ ጥፋት የለበትም።

ከመኪናው ይልቅ ያስቸገረኝ እንግዳ ነው። ከከተማ የመጣ ዘመድ «እስቲ አንዴ ልቀመጥበት» ይላል፣ ልጁ በይሉኝታ ሮጦ ልጓሙን ይይዝለታል፣ ዘመዴ ተረከዙን ያሳርፋል፤ በማግስቱ ዳማ ድንጋዩ አጠገብ ይቁነጠነጣል። አሁን ዳማ ላይ የሚወጣ ሁሉ፣ ዘመድም ቢሆን፣ በድንጋዩ ይወጣል፤ ወጥቶም ልጁ «ይሂዱ» እስኪለው ይቀመጣል። የሚቀየም ይቀየማል።

እስካሁን ያልተፈታው አብሮት የወጣ ፈረስ ቀድሞ ሲሄድ ነው። ያኔ አንገቱ ይነሳል፣ ያሽካካል፣ በፊት እግሩ መሬት ይጭራል። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ከጓደኛው መቅረት ያስፈራዋል። ባልንጀሮቼን «እስክወጣ ቁሙልኝ» እላቸዋለሁ፤ ይስቁብኛል፣ ግን ይቆማሉ። በቅርቡ ሌላ ልምምድ ጀምረናል። ልጁ የጎረቤትን ቡላ ፈረስ ይዞ ጥቂት እርምጃ ይርቅና ይመለሳል፤ ዳማ ከቆመ ርቀቱ ይጨምራል፣ ካልቆመ ያጥራል። ለጥምቀት ሜዳ ይዤው ለመውጣት ሐሳብ ነበረኝ፤ ዘንድሮ ግን ጉግሱን በእግሬ ሄጄ አያለሁ።