የጎመን ውሃ በበቆሎ ቂጣ

በጳጉሜ መጀመሪያ ወደ ጎጃም ሄድኩ። ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሳን። ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ጭጋጉ የዓባይን በረሃ ሸፍኖታል። ቁልቁለቱን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ደጀን እስክንወጣ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። ከደብረ ማርቆስ በኋላ መንገድ ዳር እሸት በቆሎ የሚጠብሱ ልጆች በዙ። ደምበጫ ላይ ሹፌሩ አቆመልንና ሁላችንም ገዛን።

የሄድኩት ጎመን ፍለጋ ነው። "አዲስ አበባ ጎመን ጠፋ እንዴ?" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። አልጠፋም። ግን የምተዳደረው ምግብ በማብሰል ነው፤ ናይሮቢ ሁለት ዓመት ስሠራም በየቀኑ ማለት ይቻላል የኬንያውያኑን ጎመን፣ ስኩማ ዊኪን ስከትፍ ነው የኖርኩት። ያን ጊዜ ሁሉ የገዛ አገሬ ጎመን ከማሳ እስከ ድስት እንዴት እንደሚመጣ በቅጡ አላውቅም ነበር። የጎረቤቴ እናት ቡሬ አጠገብ ይኖራሉ። "ነይ፣ ጎመን ሞልቷል" አሉኝ በስልክ።

እማማ ጓሮ ጎመኑ ወገቤ ድረስ ደርሷል። ከከብቶቹ በረት የሚወጣው ፍግ እዚያው ስለሚደፋ ቅጠሉ ሰፊና ጥቁር አረንጓዴ ነው። እሳቸው ከታች ከታች ይቀነጥባሉ፤ መሃሉን አይነኩም። "ልቡን ካልነካሽው ይሰጥሻል" አሉኝ። አንዱን ቅጠል ጨምድጄ አሸተትኩት። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አለው።

ይህ ሽታ ምክንያት አለው። የሐበሻ ጎመን የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ድቅል ነው። ጃፓን ይሠራ የነበረ ዩ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ዝምድናቸውን አሳይቷል፦ ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞዞም አለው፣ የጥቅል ጎመን ወገን 9፣ የእኛው ጎመን ደግሞ የሁለቱን ድምር 17። ኬንያውያን ስኩማ የሚሉት፣ አሜሪካኖች ኮላርድ የሚሉት ቅጠል የጥቅል ጎመን ወገን ነው። ከእኛው ጋር ይዛመዳል፤ የሰናፍጩ ደም ግን የለበትም። ለአብሳይ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። እኔም የገባኝ እዚያው ምድጃ ዳር ነው።

ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ቅቤ የለም። መጀመሪያ እኔ እንድሠራ ጠየቅኳቸው። በናይሮቢው ወግ ቅጠሉን በስሱ ከተፍኩ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም አቁላላሁ፣ ጎመኑን ጨምሬ ጥቂት ደቂቃ አገላበጥኩ። ስኩማ በዚህ አሠራር ግሩም ነው። ብራዚሎችማ ከዚህም ያፈጥኑታል። ቅጠሉን እንደ ሰሌን ጠቅልለው እንደ ክር ያቀጥኑትና ነጭ ሽንኩርት ባለው ዘይት ሁለት ደቂቃ ያሳዩታል፤ አለቀ። እማማ ቀመሱና "ልጄ፣ ይሄ ገና ቅጠል ነው" አሉኝ። እውነት ነው። መረረ።

ከዚያ እሳቸው ተነሱ። ቅጠሉን ሳይከትፉ ምንቸት ውስጥ ጨመሩት። ሲበስል አወጡት፣ ጨመቁት፣ መክተፊያው ላይ ደቀቅ አድርገው ከተፉት። ሽንኩርት በዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ መጨረሻ ላይ የተሰነጠቀ ቃሪያ። ምሬቱ የት እንደገባ እንጃ፤ ሰናፍጩ ግን ከምላስ ኋላ ቀርቷል። ጎመኑን መቀቀል ጣዕሙን መግደል ይመስለኝ ነበር። ለዚህኛው ጎመን ግን ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው።

ያሳሰበኝ ውሃው ነው። አረንጓዴውን ውሃ ለላሚቱ ሊወስዱ ብድግ ሲሉ "እማማ፣ ቆይ ይተዉልኝ" አልኩ። ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ውሃው ሲደፋ አብሮ ይሄዳል። የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ኮላርድን በጭስ ከደረቀ የአሳማ ሥጋ ጋር ረዘም አድርገው ይቀቅሉና ውሃውን አይደፉም። ፖት ሊከር ይሉታል። የበቆሎ ዳቦ እያጠቀሱ ይበሉታል። ቡሬ ደግሞ የበቆሎ አገር ነው!

እማማ የተወቀጠ የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥረው ምጣዱን አሰሱበት። ትንሽ ጭስ ወጣ፤ ያው የሚሰነፍጥ ሽታ። የበቆሎ ቂጣውን ጋገሩ። እኔ ውሃው ላይ ጨውና ቃሪያ ጨመርኩ። ቂጣው ትኩስ ነው፣ ዳሩ ትንሽ አሯል። ነከር አድርጌ በላሁ። ከዚያ በፊት ብዙ ጥሩ ሾርባ ቀምሻለሁ፤ እንደዚያ ቀኑ ያስደሰተኝ ግን የለም።

እየበላን ሳለ የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ለአዲስ ዓመት ቀን ጎመን እንደሚበሉ ነገርኳቸው። አረንጓዴው የዶላር ኖት ስለሚመስል ገንዘብ ያመጣል ብለው ነው። እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በእኛ አገር በእንቁጣጣሽና በመስቀል ሰሞን የሚባለው ሌላ ነዋ፦ "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!" ክረምት ላይ ጎተራው ይራቆታል፣ አዲሱ እህል ገና አልደረሰም፣ ቤቱን የሚያቆየው ጎመን ነው። እህሉ ሲደርስ ይባረራል። "እኛ እያስወጣን እነሱ ያስገቡታል?" አሉ።

ስኩማ ዊኪም በስዋሂሊ ሳምንቱን መግፋት ማለት ነው። ደመወዝ እስኪደርስ ሥጋ ለማይገዛ ሰው ሳምንቱን ይገፋለታል። በኬንያ ግን ቀን ያወጣበትን ስም ይዞ ይጠራል። የእኛው ክረምቱን ሙሉ ልጅ አሳድጎ መጨረሻ ላይ ውጣ መባሉ ያሳዝነኛል። "ጎመን በጤና" ብሎ የተረተም እኮ ያው ሕዝብ ነው። ይህንኑ ለእማማ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ረሃቡን ነው እንጂ እሱን አይደለም የምናስወጣው" አሉ። ይህ አልታየኝም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከመንገዴ በፊት ቁርስ ቀረበ። ትኩስ የበቆሎ ቂጣ፣ አጠገቡ በጣሳ የጎመን ውሃ። በዚህኛው ላይ እማማ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጨምረውበታል። ከእኔ ይበልጥ ነበር።