ሥራ የሌለበት ስልክ

ዛሬ እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ስልኬን ስነካካ አንድ ስም ላይ ቆምኩ። ሴራሚክ የሚያነጥፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወልኩላቸው ከአራት ወር በፊት ነው። ያኔም ሥራ ስለነበረኝ።

እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ግድግዳ ሰርስሬ ቱቦ እቀብራለሁ፣ የሶኬት ሳጥን አስገባለሁ። ከዚያ ለሳኙ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሴራሚክ። ሳጥኑ ትንሽ ከተጣመመ ጋሼ ሴራሚኩን ደጋግመው ይቆርጣሉ፤ አንዳንዴም ይሰበርባቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ይሄ አይታየኝም ነበር። ሥራዬን ጨርሼ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ውልቅ እላለሁ። አንድ ቀን ጠሩኝና "ና እስቲ፣ ይህችን በውሃ ልክ አይተሃታል?" አሉኝ። አልተቆጡም። ራሳቸው ውሃ ልኩን ይዘው አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ቀጥሎ የሚገባውን ሰው ሳልጠይቅ ሳጥን አልቀብርም።

ሽቦ መጎተት በሁለት ዓመት ይለመዳል። ከሰው ጋር መሥራትን ግን እስካሁን እየተማርኩ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሶሺዮሎጂ ተምሯል። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣውን ጥናት አጫውቶኛል። ቦስተን ዳርቻ ባለች ከተማ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠየቀ። ሥራውን የጠቆማቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከመቶው 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ነበር የሚያገኙት። የእኔም እንደዚያው ነው። ጓደኞቼ የሚያውቁትን ሥራ እኔም አውቀዋለሁ። ለገጣፎ የሚጀመረውን ሕንፃ የሚነግረኝ በዓመት ሁለቴ የማየው ሰው ነው። ታዲያ ያ ሰው ስሜን ለምን ያነሣል? እኔ ስፈልገው ብቻ የምደውልለት ከሆነ?

ደወልኩ። "ጋሼ፣ ለሥራ አይደለም። ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው።"

ትንሽ ዝም አሉ። "ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ወር ሊሆናት ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

ለቅሶ አልደረስኩም። የነገረኝም የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። "እግዜር ያጽናዎት" ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ።

ቤታቸው ገላን ነው። ሚስቴ ቡናና ስኳር ቋጥራልኛለች። ታክሲ ሳይጠፋ ልውጣ።